ከዴልሂ እስከ ቶክዮ፤ መንገዱ አንድ ሲሆን ሰዓቱ ስለ ምን ሁለት ሆነ?



በዱሮ ዘመን አባቶቻችን የመንገድን ርቀት የሚናገሩት በቀንና በሰዓት ነበር። «ከዚህ እስከዚያ አገር ስንት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ «የሁለት ቀን መንገድ ነው» ወይም «ማልዶ የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል» ብለው ይመልሱ ነበር። እኛ ግን ዛሬ በትምህርት ቤት የምንማረው ርቀትን በኪሎ ሜትር፤ ጊዜን በሰዓት ለይቶ መለካት ስለ ሆነ የአባቶቻችን አነጋገር ያልተጣራ ግምት መስሎ ይታየናል። እኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በዚህ ዓመት በክፍላችን ውስጥ በፈጸምሁት አንድ ስሕተት ምክንያት ነገሩን ደጋግሜ ብመረምረው፤ አባቶቻችን አሳምረው ያወቁትን አንድ ነገር እኔ እንዳላወቅሁት ተረዳሁ። ይኸውም ርቀት አንድ ሆኖ ሳለ ጊዜው ሁለት ሊሆን መቻሉ ነው።

ስለዚህ በሁለት ታላላቅ የእስያ ከተሞች መካከል ያለውን መንገድ ምሳሌ አድርጌ፤ የአይሮፕላን ጉዞ ርቀትና ጊዜ እንዴት እንደሚታሰብ በዚህ መጽሔት ላይ ለመግለጽ አሰብሁ። ከተሞቹ የሕንድ ዋና ከተማ ኒው ዴልሂና የጃፓን ዋና ከተማ ቶክዮ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፤ ሌላ ካልተባለ በቀር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ። የቀኑ ሰዓት ግን እንደ እኛ ልማድ ከጠዋትና ከምሽት ጀምሮ የተቆጠረ ነው።

፩. የስሕተቴ ታሪክ

አንድ ቀን መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን የጉዞ ሰሌዳ ጻፉ።

ከዴልሂ መነሻ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ቶክዮ መድረሻ፤ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት።
ከቶክዮ መነሻ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት። ዴልሂ መድረሻ፤ በዚያው ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል።

ከዚያም ወደ እኛ ዞረው «ከመሄጃውና ከመመለሻው ረጅም ጊዜ የሚፈጀው የትኛው ነው? ምክንያቱስ ምንድር ነው?» ሲሉ ጠየቁን። እኔም የማንንም አሳብ ሳልጠብቅ እጄን አውጥቼ ወደ ሰሌዳው ሄድሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት 11 ሰዓት ነው፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ መሄጃው የመመለሻው ልክ እጥፍ ሆነ። ምክንያቱንም ስናገር ድምፄን ከፍ አድርጌ «ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምሥራቅ የሚበር አይሮፕላን ቶክዮን ሲያሳድዳት ትሸሸዋለች፤ ወደ ምዕራብ የሚመለሰውን ግን ዴልሂ ራሷ መጥታ ትቀበለዋለች» አልሁ። የክፍል ጓደኞቼም ነገሩ ደስ አሰኝቷቸው አጨበጨቡልኝ።

ጭብጨባው ጸጥ እንዳለ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ጓደኛችን ተነሥታ «የቶክዮ ሰዓትና የዴልሂ ሰዓት አንድ ናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። መምህራችን ፈገግ ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ጠመኔውን እንደ ያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። መልሴ ስሕተት ብቻ ሳይሆን የእውነቱ ተቃራኒ ነበር። ምክንያቴም ቢሆን ከመልሴ የባሰ ነበር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአገራችን ተረት የተነገረው ለእኔ መስሎ ተሰማኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ለመማር ቆረጥሁ። ያገኘሁትም እነሆ፤ እንደሚከተለው ነው።

፪. ርቀቱ ስንት ነው?

ብዙዎቻችን የሁለት ከተሞችን ርቀት ለማወቅ ስንፈልግ በግድግዳ ካርታ ላይ ማስመሪያ እንዘረጋለን። ይሁን እንጂ ምድር ክብ ናት፤ ካርታ ግን ጠፍጣፋ ነው። የብርቱካንን ልጣጭ ሳይቀዱ በጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ መዘርጋት እንደማይቻል ሁሉ፤ የምድርንም ገጽ ሳያዛቡ በወረቀት ላይ መዘርጋት አይቻልም። ስለዚህ እውነተኛውን አጭር መንገድ ለማግኘት የሚሻለው ሉሉን ወስዶ ከዴልሂ እስከ ቶክዮ ክር መወጠር ነው። ክሩ ሲወጠር የሚያልፍበት መስመር ታላቁ ክበብ ይባላል። ይህም ምድርን እኩል በእኩል ለሁለት ከሚከፍል ክበብ ላይ የተወሰደ ቅስት ማለት ነው።

ይህን ርቀት በሒሳብም ልናገኘው እንችላለን። ዴልሂ የምትገኘው በ28.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ77.2 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ቶክዮ ደግሞ በ35.7 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ139.7 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። የኬንትሮሳቸው ልዩነት 62.5 ዲግሪ ይሆናል። የአሠራሩም ደንብ ይህ ነው።

አንደኛ፤ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን እናባዛለን። 0.479 × 0.584 = 0.280
ሁለተኛ፤ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይንና የኬንትሮሱን ልዩነት ኮሳይን እናባዛለን። 0.878 × 0.812 × 0.462 = 0.329
ሦስተኛ፤ ሁለቱን እንደምራለን። 0.280 + 0.329 = 0.609

ኮሳይኑ 0.609 የሆነ ማዕዘን 52.5 ዲግሪ ያህል ነው። የምድር ዙሪያ 40,030 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ለ360 ሲካፈል አንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። እንግዲህ 52.5 × 111.2 ብናደርግ ወደ 5,840 ኪሎ ሜትር እናገኛለን።

የዚህን ቁጥር ትልቅነት ለመረዳት አንድ ምሳሌ ላምጣ። ቶክዮ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ከተማ አይደለችም። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. በጥቅምት ወር (እንደ አውሮፓውያን በ1964) የማራቶንን ውድድር ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው በዚያች ከተማ ነው። 42.195 ኪሎ ሜትሩን የፈጸመው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገደማ ነበር። ከዴልሂ እስከ ቶክዮ ያለው ርቀት 138 ማራቶን ይሆናል። አበበ በዚያው ፍጥነት ሳያርፍና ሳይተኛ ይሮጥ ቢባል እንኳ 305 ሰዓት ያህል፤ ማለት ከ12 ቀን ተኩል በላይ ይፈጅበት ነበር። አይሮፕላን ግን ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በሉሉ ላይ የተወጠረው ክር ከዴልሂ ሲነሣ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ አይሄድም። ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዘንብሎ በሂማላያ ተራሮችና በቲቤት ላይ ያልፋል። እስከ 37 ዲግሪ ኬክሮስ ድረስ ይወጣና፤ ማለት ከቶክዮም በላይ ወደ ሰሜን ከፍ ይልና፤ ወደ ቶክዮ ይወርዳል። በተለመደው የመርከበኞች ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው መስመር ግን ወደ 5,930 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ማስመሪያው ቀጥ ያለ ቢመስልም በ90 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

፫. አይሮፕላኑ አጭሩን መንገድ ስለ ምን አይሄድም?

የክሩ መንገድ አጭር ከሆነ አብራሪዎች ሁልጊዜ እርሱን መከተል የሚገባቸው ይመስላል። ነገር ግን ከዴልሂ ወደ ቶክዮ የሚበሩት አይሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ ዘወር ብለው በቤንጋል፤ በምያንማርና በደቡባዊ ቻይና በኩል ያልፋሉ። ምክንያቱ ተራራው አይሮፕላኑን ስለሚያግደው አይደለም። የመንገደኛ አይሮፕላን በ10 ወይም በ12 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚበር፤ 8,849 ሜትር ከፍታ ያለውን የኤቨረስትን ተራራ እንኳ ማለፍ ይቻለዋል።

ችግሩ ያለው በአደጋ ጊዜ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰው መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ በአይሮፕላኑ ውስጥ አየር በመኪና ኃይል ታምቆ ይቀመጣል። ይህ የታመቀ አየር በብልሽት ምክንያት ቢያመልጥ ለመንገደኞች የኦክስጅን ጭምብል ይወርድላቸዋል። ጭምብሉም በብዙ አይሮፕላኖች ላይ የሚያገለግለው ከ12 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ነው። አብራሪው በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰው በራሱ ሊተነፍስ ወደሚችልበት ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። የቲቤት አምባ ግን በአማካይ ወደ 4,500 ሜትር ከፍታ ስላለው ከራስ ዳሸን ጫፍ ጋር ይስተካከላል ማለት ይቻላል። ከሥር ያለው መሬት 4,500 ሜትር ሆኖ ሳለ ወደ 3,000 ሜትር ዝቅ ማለት ከቶ አይቻልም። ከዚህም የተነሣ የመንገደኞችን ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል መንገዱ ይረዝማል። በካርታ ላይ አጭር የሆነ ሁሉ ለሰው ሕይወት የሚበጅ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ይህን ጠመዝማዛ ጨምረን ለሒሳባችን እንዲመች ርቀቱን 6,000 ኪሎ ሜትር ብለን እንውሰድ።

፬. የሰዓቱ ምሥጢር

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ፤ ማለት 360 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች ማለት ነው። ቶክዮ ከዴልሂ በስተምሥራቅ ስለምትገኝ ፀሐይ አስቀድማ የምትወጣው በቶክዮ ነው። በፀሐይ አቆጣጠር ብቻ ቢሆን 62.5 ለ15 ሲካፈል ልዩነታቸው 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በሆነ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ፀሐይ እየተከተለ ሰዓት ቢያቆም የባቡርና የአይሮፕላን ሰሌዳ ማዘጋጀት ስለማይቻል አገሮች የጋራ ሰዓት ይወስናሉ። ሕንድ ሰዓቷን የምታቆመው በ82.5 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ጃፓን ደግሞ በአካሺ ከተማ በሚያልፈው በ135 ዲግሪ ላይ ነው። ልዩነቱ 52.5 ዲግሪ ስለ ሆነ ለ15 ሲካፈል 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። (ይህ 52.5 ቀደም ሲል በርቀቱ ሒሳብ ካገኘነው 52.5 ጋር አንድ የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ ተማሪ እንዳያደናግረው።)

እንግዲህ ዴልሂ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ቶክዮ ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ብንቆጥር 7 ሰዓት ተኩል እናገኛለን። እውነተኛው የመሄጃ ጊዜ ይህ ነው። በመመለሻውም ከቶክዮ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሲነሡ ዴልሂ ላይ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ተኩል 9 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ እኔ 11 ያልሁት 7 ተኩል፤ 5 ተኩል ያልሁት ደግሞ 9 ሆነ። ረጅሙ መሄጃው ሳይሆን መመለሻው ነበር!

ለታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ አንድ ጠቃሚ ዘዴ ልንገራችሁ። የሰዓቱን ልዩነት ባናውቅ እንኳ ሁለቱን የተሳሳቱ ቁጥሮች ደምረን ለሁለት ብናካፍል የመሄጃውንና የመመለሻውን አማካይ ጊዜ በትክክል እናገኛለን። 11 ሲደመር 5 ተኩል 16 ተኩል ነው። 7 ተኩል ሲደመር 9 ደግሞ ያው 16 ተኩል ነው። በሁለቱም አማካዩ 8 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ምክንያቱም በመሄጃው ላይ የተጨመረው 3 ሰዓት ተኩል በመመለሻው ላይ ስለሚቀነስ እርስ በርሱ ይጣፋል።

፭. ምድር ከአይሮፕላኑ ትሸሻለችን?

መልሴ ከታረመ በኋላ የቀረው ምክንያቴ ነው። ምድር ስለምትዞር ቶክዮ ከአይሮፕላኑ ትሸሻለች ብዬ ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ሰው ነዳጅ ማቃጠል ባላስፈለገውም ነበር። በቶክዮ ላይ አንድ ሄሊኮፕተር ብድግ ብሎ ባለበት ቢቆም፤ ዴልሂ ያለችበት የምድር ክፍል በ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ውስጥ ተሽከርክሮ ከሥሩ በደረሰ ነበር! እንዲህ ያለ ነገር ግን ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም።

ነገሩን ለመረዳት በአውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ብርቱካን ወደ ላይ ወርውሩ። አውቶቡሱ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ የሚሄድ ከሆነ ብርቱካኑ ተመልሶ በእጃችሁ ላይ ይወድቃል እንጂ ወደ ኋላ ወንበር አይሸሽም። ብርቱካኑ የአውቶቡሱን ፍጥነት ይዞ ይጓዛልና። እንደዚሁም አየሩም አይሮፕላኑም ከምድር ጋር አብረው ይዞራሉ። ስለዚህ የምድር መዞር ብቻውን መሄጃውን አያረዝምም፤ መመለሻውንም አያሳጥርም። የልዩነቱ ምክንያት አየሩ ከምድር ጋር ከመዞሩ ሌላ በራሱ ደግሞ መንቀሳቀሱ ነው። ይህም ነፋስ ነው።

፮. የሰማይ ዳገትና ቁልቁለት

በእስያ ላይ ከ9 እስከ 12 ሺህ ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ሊቃውንት ጄት ስትሪም ይሉታል። የነፋስ ወንዝ ብንለውም ያስኬዳል። በክረምታቸው፤ ማለት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፤ ከሂማላያ ደቡብ ተነሥቶ በቻይና ላይ አልፎ ጃፓን ይደርሳል። በዚያን ጊዜ በጃፓን ሰማይ ላይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥበት ቀን አለ። በበጋቸው ግን ይደክማል፤ ወደ ሰሜንም ይሸሻል።

የዚህ ነፋስ መነሻ ፀሐይና የምድር መዞር ናቸው። በምድር ወገብ አካባቢ በፀሐይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣና ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይፈስሳል። አየሩ ወደ ሰሜን በሄደ መጠን ወደ ምድር የመዞሪያ ዘንግ ይጠጋል። እጁን ዘርግቶ የሚሽከረከር ሰው እጁን ሲሰበስብ ሽክርክሪቱ እንደሚፈጥን ሁሉ፤ ወደ ዘንጉ የተጠጋው አየርም ከሥሩ ካለው መሬት ቀድሞ ወደ ምሥራቅ ይሮጣል። በክረምት የሳይቤርያ ብርድና የደቡቡ ባሕር ሙቀት ልዩነታቸው ስለሚሰፋ ነፋሱ ይበልጥ ይበረታል። እንግዲህ የምድር መዞር በነገሩ ውስጥ የለበትም ማለት አይደለም፤ አለበት። ነገር ግን እኔ ባልሁት መንገድ አይደለም። እንዲያውም ሥራው የእኔ ንግግር ተቃራኒ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ይረዳል፤ ወደ ምዕራብ የሚመለሰውን ያስቸግራል።

አሁን በቁጥር እንየው። አይሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል። ነፋሱም በመንገዱ ሁሉ በአማካይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሁን። ሲሄድ 850 + 100 = 950፤ ሲመለስ 850 − 100 = 750 ይሆናል።

መሄጃ፤ 6,000 ÷ 950 = 6 ሰዓት ከ19 ደቂቃ
መመለሻ፤ 6,000 ÷ 750 = 8 ሰዓት

በዚህ ላይ ከመነሻው በፊትና ካረፈ በኋላ በምድር ላይ የሚንከባለልበት፤ ለመውጣትና ለመውረድ ፍጥነቱን የሚቀንስበት ጊዜ በያንዳንዱ ጉዞ አንድ ሰዓት ያህል ሲጨመርበት፤ መምህራችን በሰሌዳው ላይ ከጻፉት 7 ሰዓት ተኩልና 9 ሰዓት ጋር ይቀራረባል።

ብዙ ሰዎች «ነፋሱ በመሄጃው ያተረፈልንን በመመለሻው ይወስደዋል፤ ስለዚህ በድምሩ እኩል ነው» ይላሉ። ይህም ስሕተት ነው። ነፋስ ባይኖር ኖሮ ደርሶ መልሱ 12,000 ÷ 850 = 14 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይሆን ነበር። በነፋሱ ግን 14 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ሆነ። 12 ደቂቃ ጠፋ ማለት ነው። ነፋሱ እጥፍ ሆኖ 200 ኪሎ ሜትር ቢደርስ መሄጃው 5 ሰዓት ከ43 ደቂቃ፤ መመለሻው 9 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይሆንና ድምሩ 14 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ይደርሳል። ኪሣራው 50 ደቂቃ ሆነ። ነፋሱ ሁለት እጥፍ ቢሆን ኪሣራው አራት እጥፍ ያህል እንደሚሆን አስተውሉ።

አልጀብራ ለሚወዱ ደግሞ፤ ርቀቱን ር፤ የአይሮፕላኑን ፍጥነት ፍ፤ ነፋሱን ነ ብንላቸው የደርሶ መልሱ ጊዜ 2 × ር × ፍ ÷ (ፍ × ፍ − ነ × ነ) ይሆናል። ነፋሱ ወደየትም ቢነፍስ ነ × ነ ሁልጊዜ ከታች ስለሚቀነስ ጊዜው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ምክንያቱን በቃል ለመናገር፤ አይሮፕላኑ በሚረዳው ነፋስ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ሲሆን በሚያስቸግረው ነፋስ ውስጥ የሚቆየው ግን ለረጅም ጊዜ ነው።

፯. ነፋሱን ማን አገኘው?

በሕንድና በጃፓን መካከል የሚደረግ ጉዞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ቦዲሴና የተባለ የሕንድ የቡድሃ መነኩሴ ቻይና ከቆየ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ጃፓን የደረሰው በ736 ነው። በ752ም በናራ ከተማ በቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ለቆመው ታላቅ የቡድሃ ሐውልት የተደረገውን የምረቃ ሥርዓት የመራው እርሱ ነበር። ያ መነኩሴ በእግርና በመርከብ ሲደክም፤ ከራሱ በላይ ወደዚያው አገር የሚጣደፍ የነፋስ ወንዝ መኖሩን አላወቀም።

ነፋሱን በትክክል የለካው ዋሳቡሮ ኦኢሺ የተባለ ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ሊቅ ነው። ከቶክዮ በስተሰሜን በምትገኘው በታቴኖ የነበረው የአየር መመርመሪያ ጣቢያ ዲሬክተር ሆኖ ሲሠራ፤ ከ1923 ጀምሮ ፊኛዎችን ወደ ሰማይ እየለቀቀ በመነጽር ይከታተላቸው ነበር። በክረምት ፊኛዎቹ ከፍ ሲሉ ወደ ምሥራቅ እንደሚጣደፉ አየ። በ1926 የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ አወጣ። የዓለም ሊቃውንት ሁሉ እንዲያነቡለት ሲል የጻፈው በኤስፔራንቶ ነበር። ኤስፔራንቶ ለሕዝቦች ሁሉ የጋራ ቋንቋ እንዲሆን ታስቦ በ1887 የወጣ ቋንቋ ነው። ዳሩ ግን ቋንቋውን የሚያነቡት ጥቂቶች ስለ ነበሩ የኦኢሺ ድካም ከአገሩ ውጭ ሳይታወቅ ቀረ።

የዚህም አለመታወቅ ውጤት በጦርነት ጊዜ ታየ። በኅዳር 1944 ከማሪያና ደሴቶች ተነሥተው ቶክዮን ሊደበድቡ የመጡት የአሜሪካ ቢ-29 አይሮፕላኖች ያላሰቡት ነፋስ ከኋላ ስለ ገፋቸው አብዛኛው ቦምባቸው ዒላማውን ሳተ። ጃፓኖች ግን ነፋሱን ያውቁት ስለ ነበር ከኅዳር 1944 እስከ ሚያዝያ 1945 ድረስ ቦምብ የተንጠለጠለባቸውን ወደ 9,300 የሚሆኑ ፊኛዎች በዚያው ነፋስ ላይ ወደ አሜሪካ ለቀቁ። ከነዚህም አንዱ በግንቦት 1945 በኦሬጎን አንዲት ሴትና አምስት ልጆችን ገደለ። ዕውቀት በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ የሚያከብረውና የሚያረክሰው የያዘው ሰው ነው።

ሰላም ከሆነ በኋላ በ1952 የፓን አሜሪካን አይሮፕላን ይህን ነፋስ ተሳፍሮ ከቶክዮ ወደ ሆኖሉሉ ሲበር፤ 18 ሰዓት ይፈጅ የነበረውን ጉዞ በ11 ሰዓት ተኩል ጨረሰው። ፊኛዎቹ ለጥፋት የሄዱበትን የሰማይ መንገድ አሁን መንገደኞች በሰላም ሄዱበት።

፰. ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

አንድ ሰው «አንድ ሰዓት ተኩል ቢዘገዩ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በሰማይ ላይ ሰዓት ማለት ነዳጅ ማለት ነው። በዚህ መስመር ላይ ከሚሠሩት አይሮፕላኖች አንዱ ቦይንግ 787 ነው። የእኛም አየር መንገድ ይህን አይሮፕላን በ2012 ከአፍሪካ ሁሉ ቀድሞ ተረክቧል። ይህ አይሮፕላን በአንድ ሰዓት በረራ በግምት 5 ቶን ነዳጅ ያቃጥላል። እንግዲህ በመመለሻው ላይ ለሚጨመረው አንድ ሰዓት ተኩል 7 ቶን ተኩል ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ማረፊያው በጭጋግ ቢዘጋ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚያደርስና፤ እዚያም ላይ ለ30 ደቂቃ የሚያንዣብብበት መጠባበቂያ መያዝ ግዴታ ነው። ዴልሂ በክረምት ጭጋግ የታወቀች ስለ ሆነች ይህ ለይስሙላ የተጻፈ ደንብ አይደለም።

አንድ ሰው እንደ እኔ ሰሌዳውን አይቶ «መመለሻው 5 ሰዓት ተኩል ነው» ብሎ ለዚያ ብቻ የሚበቃ ነዳጅ ቢሞላ ምን ይደርስ እንደ ነበር አስቡት። 9 ሰዓት ለሚፈጅ ጉዞ የ5 ሰዓት ተኩል ነዳጅ ይዞ የተነሣ አይሮፕላን ዴልሂን አያያትም። በክፍል ውስጥ የእኔ ስሕተት ያስከተለው እፍረት ብቻ ነው። በአብራሪ ወይም በመሐንዲስ እጅ ቢሆን ግን የብዙ ሰው ሕይወት በጠፋ ነበር። ሒሳብ በደብተር ላይ ሲሠራ ቁጥር ነው፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ነፍስ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤ ከዴልሂ እስከ ቶክዮ በአጭሩ መስመር 5,840 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር ሲሄዱም ሲመለሱም አይለወጥም። የጉዞው ጊዜ ግን በመሄጃው 7 ሰዓት ተኩል፤ በመመለሻው 9 ሰዓት ያህል ነው። በክረምትና በበጋም ይለያያል። ቁጥር ከማመናችን በፊት «ይህ ሰዓት የማን ሰዓት ነው? ይህ ፍጥነት ከምን ጋር ሲተያይ ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ያች ጓደኛችን ከሁላችን የበለጠችው ብዙ ሒሳብ በማወቋ አልነበረም፤ ሁላችንም ስናጨበጭብ እርሷ በመጠየቋ ነው።

በበዓል ጊዜ ወደ ቤት ሄጄ ይህን ሁሉ ለአያቴ በዝርዝር አስረዳኋቸው። እሳቸውም እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፤ እኛስ ብንሆን ወደ ወንዙ ስንወርድና ውኃ ተሸክመን ስንመለስ መንገዱ አንድ ነው ብለን መች እናውቃለን?» አሉኝ። እኔም ለካ አያቴ ዳገትና ቁልቁለት ያሉትን ነገር ነው በሳይንና በኮሳይን ስፈልገው የከረምሁት ብዬ ሳቅሁ።

ለታናናሾቻችን አንድ መለማመጃ ልተውላችሁ። የሁለት ከተሞች ርቀት 3,600 ኪሎ ሜትር፤ የአይሮፕላኑ ፍጥነት በሰዓት 800፤ ነፋሱ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን መሄጃውና መመለሻው ስንት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ደርሶ መልሱስ ነፋስ ከሌለበት ቀን በስንት ደቂቃ ይበልጣል? መልሱን ያገኘ ወደ ሰሌዳው ለመውጣት አይፍራ። ነገር ግን ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ጥያቄ ያለው ሰው እንዳለ ይመልከት።